ሮብ፣ ሩብ፣ እርቦ፣ አርባ

አጣዬ ገበያ ውስጥ ማሾ የሚሸጡ አንዲት እናት አጠገብ ቆሜ ነበር። ማዳበሪያ አንጥፈው አረንጓዴውን እህል ቆልለውበታል። አንዲት ወጣት ጎንበስ ብላ «እማማ፣ አራት ኪሎ ይመዝኑልኝ» አለቻቸው። እየመዘኑ ሳለ ሌላ ገዢ መጣና በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ ሳያመነቱ «አፉር» ብለው አራት ጣታቸውን አሳዩት። ከጎናቸው ቡና የምትሸጠው ሴት «ሩብ ነው ግማሽ?» ትላለች። ከኋላዬ ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ አንድ ሟች ያወራሉ፦ «አርባው መቼ ይውላል?» «ሮብ ነው የሚውለው።»

አራት፣ ሩብ፣ አርባ፣ ሮብ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጆሮዬ የገቡት እነዚህ ቃላት የአንድ አያት ልጆች ናቸው። እማማ ለሁለተኛው ገዢ የመለሱለት አፉር ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ አያት ነው። አያትየው በጽሑፍ ተገኝቶ አያውቅም፤ የተናገሩትም ሰዎች ፊደል ከመፈጠሩ በፊት አልፈዋል። ሆኖም ምን ይመስል እንደነበር ከሞላ ጎደል እናውቃለን፤ እንዴት እንደምናውቅ ማስረዳት ደግሞ ከቃሉ ይልቅ ይከብዳል፣ ይጣፍጣልም።

መጀመሪያ ጆሮ እንዴት እንደሚያታልል ልናገር። ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን ጨርሶ ቆላው ሜዳ ላይ የደረሰ መንገደኛ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን ያገኛል። ሰንበቴ የታወቀው ገበያዋ የሚቆመው እሁድ ነው፤ ስሟና የገበያ ቀኗ ይገጣጠማሉ። በአገራችን ሮብ ገበያ፣ ቅዳሜ ገበያ እየተባሉ በገበያቸው ቀን የሚጠሩ ቦታዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ልጅ ሆኜ «ሮቢት ማለት የሮብ ገበያ ማለት ነው» ብዬ ፈርጄ ነበር። በኋላ ነው ነገሩ የከበደኝ። ከተማዋን ሮቢ የሚባል ወንዝ ያልፋታል። በኦሮምኛ ደግሞ ሮቢ ማለት ሮብም ነው፣ ጉማሬም ነው። ወንዝ አጠገብ ያለ ቦታ ስሙን ከቀን ወሰደ ወይስ ከአውሬ? ድምፁ ለሁለቱም እኩል ይመሰክራል። በድምፅ መመሳሰል ብቻ የሚፈርድ ዳኛ ሁለቱንም ባለ ጉዳይ ማስረታት ይችላል፤ እንዲህ ያለ ዳኝነት ዋጋ የለውም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በአማርኛ አርባ ቁጥር ነው፤ አርባ ምንጭ ያልነውም ስለዚያ ነው። በኦሮምኛ አርባ ዝሆን ነው። ሁለቱ በአንድ ፊደል እንኳ አይለያዩም፤ ዝምድና ግን የላቸውም። ይህኛው እንኳ ማንንም አያሳስትም። የሚያሳስተው ከራሳችን ሳምንት ውስጥ ነው። ሮብና አርብ በጾም አብረው ይጠራሉ፣ በድምፅም የተቀራረቡ ናቸው። ለአራት፣ ለአርባና ለሮብ አርብን አራተኛ ዘመድ አድርጎ መደርደር ለማንም ይቀላል። ስሕተት ነው። በግዕዙ ዓርብ ተብሎ በዐይኑ ዐ ይጻፋል፤ ሥሩ ዐ፣ ረ፣ በ ነው፤ የፀሐይ መጥለቅን ይናገራል። ምዕራብ የሚለውም ከዚያው ነው። ሮብ ግን ረቡዕ ነው፤ ሥሩ ረ፣ በ፣ ዐ። ፊደሎቹ አንድ ናቸው፤ የዐ ቦታ ግን ይለያል። በአንዱ መጀመሪያ ላይ፣ በሌላው መጨረሻ ላይ ናት። አንዱ ማምሻ ነው፣ ሌላው አራተኛ።

አሁን ዐ የዚህ ምዕራፍ ዋና ሰው መሆኗ ግልጽ ይሆናል። ትምህርት ቤት ሳለን «ሁለት አ ለምን አስፈለገ?» ብለን የጠየቅን ብዙ ነን። አንዷ አልፋ አ፣ ሌላዋ ዐይኑ ዐ ተባሉልን እንጂ ልዩነታቸውን አፋችን አያውቀውም። ትግርኛ ተናጋሪ ግን ያውቀዋል። ዐይኑ ዐ ከጉሮሮ ጠበብ ብሎ የሚወጣ ድምፅ ናት፤ በዐረብኛ አለች፣ በጥንቱ ዕብራይስጥ ነበረች፣ በግዕዝም ነበረች። አማርኛ ድምፁን ጥሎ ፊደሉን ብቻ አስቀረ። ቤተሰቡን የምንለየው ደግሞ በእርሷ ነው። በግዕዝ ዐይን ያልነው በዐረብኛም ዐይን ነው፣ በዕብራይስጥም ዐይን። ዐሠርቱ ያልነው በዐረብኛ ዐሸራ፣ በዕብራይስጥ ዐሣራ ነው። በአንዱ ዐ ባለበት በሌላውም ዐ አለ፤ እየደጋገመ፣ በሕግ። የቋንቋ ታሪክ አጥኚ የሚፈልገው ምስክር ይህ ነው። ተመሳሳይነት ሳይሆን ሕግ የጠበቀ ተዛማጅነት፤ ለአንድ ቃል ብቻ ሳይሆን ለመቶዎች የሚሠራ።

በዚህ ዓይን ዘመዶቹን እንይ። ግዕዝ አርባዕቱ ይላል፤ አርባዕቱ ወንጌል፣ ኅዳር 8 ቀን የሚከበረው አርባዕቱ እንስሳ። ትግርኛ ኣርባዕተ፣ ትግረ ኣርባዕ። ቸሃ ጉራጌ አርበት ይላል፣ ሐረሪ ሐረት። ባሕሩን ስንሻገር ዐረብኛ አርበዓ፣ ዕብራይስጥ አርባዕ፣ አራማይክ አርበዕ እናገኛለን፤ በሶርያ ጠረፍ ከተቀበረችው ከኡጋሪት በወጡት የሸክላ ጽላቶችም ላይ ያው አ፣ ረ፣ በ፣ ዐ ተጽፎ ተገኝቷል። ከሁሉ በጽሑፍ የቀደመው አካድኛ ኤርቤ ይላል። ከዛሬ 4200 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው የአካድ ንጉሥ ናራም-ሲን ራሱን «የአራቱ ማዕዘናት ንጉሥ» ብሎ ሲያስጽፍ በዚያ ማዕረግ ውስጥ ያለችው «አራት» ዛሬ አጣዬ ገበያ ላይ ኪሎ የምትቆጥረዋ ናት።

እነዚህን ጎን ለጎን አሰልፎ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው አንድ ቅርጽ ላይ ይደርሳል፦ *አርባዕ። ፊቱ ላይ ያለችው ኮከብ ጌጥ አይደለችም። «ይህ ቃል በየትም ጽሑፍ አልተገኘም፤ ከልጆቹ መልክ ያወጣነው ነው» የምትል የሐቀኝነት ምልክት ናት። በዚህ ሙያ ኮከቧን ያስለመደው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ አውጉስት ሽላይኸር ነው። እኔ ይህችን ምልክት አከብራታለሁ። ስለ ጥንት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ባየውና በገመተው መካከል እንዲህ ያለ ኮከብ ቢያኖር ብዙ ጠብ ይቀር ነበር።

ቁጥሩ ከድምፅም በላይ የሆነ ሌላ ምስክር አለው። በግዕዝ ወንድ ሲቆጠር አርባዕቱ፣ ሴት ስትቆጠር አርባዕ ይባላል። ት በእነዚህ ሴማዊ በሚባሉት ቋንቋዎች የሴት ምልክት ናት፤ ንግሥት፣ ቅድስት፣ እኅት። ቁጥር ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ የሴት ምልክት ያለበት ቁጥር ወንዶችን ይቆጥራል። ዐረብኛም እንዲሁ ያደርጋል፤ ዕብራይስጥም፤ አካድኛም። ቃል ከጎረቤት ሊዋሱት ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ግልብጥብጥ ግን ማንም ተበድሮ አይወስድም፤ በውርስ ብቻ ነው የሚገኘው። አማርኛ ሥርዓቱን ረስቶታል፤ ለወንድም ለሴትም አራት ይላል። ሆኖም መጨረሻ ላይ ያለችው ት ያቺው ጥንታዊት የተገለበጠች ት ናት። «አራት ሴቶች» ባልን ቁጥር በጥንቱ ሰዋስው ስሕተት እየሠራን ነው፤ የ«አራት» ት ለወንዶች ነበረችና።

አማርኛ ሌላስ ምን አደረገ? አርባዕት ከሚለው በመጀመሪያ የጉሮሮዋ ዐ ጠፋች። ከዚያ በ ላላች። ከንፈር ሳይገጥም የሚወጣ በ ወደ ወ ይጠጋል፤ የግዕዙ ሰብእ በአማርኛ ሰው የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። በ«አራት» ውስጥ ግን ወም ሳትቀር ቀለጠችና አራት ቀረን። ቸሃ አርበት ሲል በን ጠብቋታል። ሐረሪ በን ጥሎ የጉሮሮ ድምፅ ግን በቃሉ ራስ ላይ ይዟል። ከአንድ ቤት የወጡ ልጆች አንዱ የአባቱን ጋሻ፣ ሌላው የእናቱን ጌጥ ይዞ እንደሚቀር ማለት ነው። የሚገርመው ያው አማርኛ በአርባ ውስጥ በን አለመጣሉ ነው። አርባ ቀን ክርስትና፣ አርባ ቀን ተዝካር፣ የሑዳዴ አርባ ቀን፤ ይህ ሁሉ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያኑ ግዕዝ ጋር ታስሮ መኖሩ በን ሳያጸናት አልቀረም ብዬ አምናለሁ።

ድምፁን ጥሎ ፊደሉን በማስቀረት አማርኛ ብቻውን አይደለም። ማልታ የምትባለው የሜድትራንያን ደሴት ቋንቋዋ ከዐረብኛ የወጣ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ነው። ማልታዎች አራትን ኤርባ ይላሉ። ሲጽፉት ግን በመካከሉ ለጥንቷ ዐ የተሠራች ፊደል ያስገባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አትነበብም። ሮብንም በዚያው ቃል ይጠሩታል። የማልታ ተማሪ «ለምን እንጽፋታለን?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ለእኛ ተማሪ የሚሰጠው ነው፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ስለምታሳይ። አካድኛም ዐን የጣለው ገና በጥንት ነበር፤ ሊቃውንት ይህን ከሱመርኛ ጋር አብሮ ከመኖሩ ጋር ያያይዙታል፤ የአማርኛንም ከአገው ቋንቋዎች ጋር ካለው ረጅም ጉርብትና ጋር የሚያያይዙ አሉ። ፊደላችን ሞክሼ ፊደላት አሉትና ይቀነሱ የሚል ክርክር በየጊዜው ይነሣል። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ዓርብን በአልፋ አ የሚጽፍ ሰው ቃሉን አያጠፋም፤ ዐን ከገበታው የሚፍቅ ግን ከማምሻና ከአራት መካከል ያለውን ግድግዳ ያፈርሳል።

ሳምንታችን ራሱ የቁጥር መዝገብ ነው። እሑድ አንደኛው ነው። ሰኞ ሰኑይ ነበር፤ ሁለተኛ። እዚህ ጋ አንድ ውድ ነገር ተቀብሯል። አማርኛ ሁለት የሚለውን ያገኘው ከግዕዙ ክልኤቱ ነው፤ «ሁለቱም» ከሚል ቃል። ሴማውያን በጠቅላላ ለሁለት የሚሉት ጥንታዊ ቃል ከእኛ ቁጥር ወጥቷል፤ ሰኞ ላይ ግን እስከ ዛሬ አለ። ሦስተኛው ቀን በግዕዝ ሠሉስ ነው፤ አማርኛ ግን የሰኞ ማግስት ብሎት ማክሰኞ ሆነ። ከዚያ ረቡዕ፣ ኀሙስ፤ አራትና አምስት። ፊደል ሲቆጥር ያደገ ሰው ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያለ ሲዘምር ይህንኑ ቤተሰብ ይጠራ ነበር። ራብዕና ረቡዕ ውስጥ የፊቷ አ የለችም፤ ከዚህ የምንረዳው የሥሩ አካል ረ፣ በ፣ ዐ ብቻ መሆኑን፣ በአርባዕ ፊት ያለችው አ በኋላ የተቀጠለች መሆኗን ነው።

ወደ ሩብ ልለፍ። ቡና ሻጯ የተናገረችው ሩብ ዘመድ ነው፤ ወደ ቤታችን የገባው ግን በእንግድነት ነው። ዐረብኛ ክፍልፋይን የሚያበጅበት ቅርጽ አለው፤ ሲሶውን ሱልስ፣ አራተኛውን እጅ ሩብዕ ይላል። የእኛ ሩብ ያንን ቅርጽ ለብሳ መጣች። የቤቱ ልጅ ሌላ ነው፤ እርቦ ይባላል። ዛሬ ከተማ ያደገ ሰው ላይሰማው ይችላል። የመሬት ሥሪት ታሪክ የሚያውቅ ግን አይረሳውም። እኩል አራሽ፣ ሲሶ አራሽ፣ እርቦ አራሽ። ጭሰኛው ካመረተው አራተኛውን እጅ ለባለ መሬቱ የሚሰጥበት ውል እርቦ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ውሉ ፈረሰ፤ ቃሉም ከሥራው ጋር ከገበሬው አፍ እየራቀ ሄደ። ቃል እንዲህም ያረጃል፤ ድምፁ ሳይለወጥ፣ የሚሰይመው ነገር ጠፍቶ። እርቦ ባረጀበት አገር ሩብ በርትታለች፤ ሩብ ኪሎ፣ ለሦስት ሩብ ጉዳይ፣ ሩብ ፍጻሜ።

ይኸው ዐረብኛ ሩብዕ ወደ ሌላም አቅጣጫ ተጉዟል። በስዋሂሊ ሮቦ ሆኖ ሩብን ይሰይማል። በዐረቦች ዘመነ መንግሥት ወደ ስፔን ገብቶ አሮባ ተባለ፤ የጥንቱ የስፔን ኩንታል ሩብ የሆነ፣ ወደ 11 ኪሎ ተኩል የሚመዝን መስፈሪያ። ነጋዴዎች ለዚህ መስፈሪያ የሚጠቀሙበት ክብ ያጠለቀች ምልክት ነበረቻቸው። ዛሬ ያቺን ምልክት በኢሜይል አድራሻ መካከል እንጽፋታለን፤ ስፔኖችና ፖርቱጋሎች አሁንም አሮባ ይሏታል። ስልኩን አውጥቶ ኢሜይል የሚጽፍ የአጣዬ ወጣት በጣቱ የሚነካት ምልክት በማድሪድ የምትጠራበት ስም የሮብ ዘመድ ነው።

ይህ የአሠራር ስልት በእኛ ቋንቋዎች ላይ አልተጀመረም የሚል ካለ በከፊል ብቻ ልክ ነው። ከዘመናዊው ሥነ ልሳን 150 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ፣ ከአምሐራ አገር የመጡት አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። በኋላም ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ሄደው ግዕዙንም አማርኛውንም አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ፤ ግዕዝ ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር ሥጋ ዘመድ መሆኑንም በቃላት አሰላልፎ አሳየ። አባ ጎርጎርዮስ ግን እነዚያን መጻሕፍት አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ሴማዊ የሚለው የቤተሰብ ስም እንኳ የወጣው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ1781፣ በጀርመናዊው ሽሎትሰር ነው። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት የቆመው በአንድ የአምሐራ መነኩሴ እውቀት ላይ መሆኑን ተማሪዎቻችን ከፊደል ገበታው ጋር ሊማሩት የሚገባ ነው።

ስልቱ የጠራው ግን በጀርመን ቋንቋዎች ላይ ነው፤ የእነርሱም «አራት» ከእኛ ጋር የሚነጻጸር ታሪክ አላት። እንግሊዝኛ ፎር፣ ጀርመንኛ ፊር፣ ስዊድንኛ ፊራ ይላሉ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ንጉሥ ዒዛና በአክሱም ክርስትናን በተቀበለበት ዘመን፣ ዉልፊላ የተባለ ጳጳስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎትኛ ተርጉሞ ነበር፤ በብር ቀለም የተጻፈ ቅጂው ዛሬ በስዊድን ኡፕሳላ ይገኛል፤ ጎትኛውም አራትን ፊድዎር ይላል። ከእነዚህ ሁሉ የተመለሰው የጥንተ ጀርመን ቃል *ፌድዎር ነው። እርሱ ደግሞ ከላቲኑ ኳቱኦር፣ ከፋርሱ ቻሃር፣ ከሕንዱ ቻር ጋር አብሮ ከአንድ ከቀደመ አያት፣ *ክዌትዎሬስ ከሚባል፣ ወርዷል።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ያዕቆብ ግሪም በ1822 ባሳተመው ሕግ መሠረት ጥንታዊው ክ በጀርመን ቋንቋዎች ህ ይሆናል፤ ፕ ደግሞ ፍ። ታዲያ በክ የሚጀምር ቃል እንዴት በፍ ጀመረ? ሊቃውንት የሚሰጡት መልስ ከቆጠራ የወጣ ነው። ከአራት ቀጥሎ አምስት ይመጣል፤ የጥንተ ጀርመን አምስት *ፊምፍ ነበረ። ሰው ሲቆጥር አፉ ወደሚቀጥለው ቁጥር ይሮጣልና የአምስት ፍ ወደ አራት ተመልሳ ተጣበቀች። ሕጉ አልፈረሰም፤ ጎረቤት ጎተተው። ይህ ምሳሌ ስለ ስልቱ ጠንካራነት ከብዙ ሐተታ የተሻለ ይናገራል። ያልገጠመ ድምፅ ሲገኝ ዝም ብሎ አይታለፍም፤ ምክንያት ይጠየቃል።

የዚያ ቤተሰብ «አራት» በአማርኛም ገብቷል፤ በፈረንሳይኛ በኩል። መሬት ስንለካ «ካሬ» እንላለን፤ ካሬ ከላቲኑ ኳቱኦር ወርዶ ባለ አራት ማዕዘን ማለት ነው። «አራት መቶ ካሬ» ያለ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሁለት አራት ጠርቷል፤ አንዱ የሴም፣ ሌላው የሮማ። በአብዮቱ ዘመን በየቀበሌው የተሰማው ካድሬም ከዚያው ነው፤ መነሻው ባለ አራት ጎን ክፈፍ ነበር፤ ኋላ የጦር ክፍል አስኳል፣ ከዚያ የፓርቲ ሰው ሆነ። ኳራንቲን ደግሞ ቬኒስ ላይ መርከቦች ከወረርሽኝ ይነጹ ዘንድ የሚቆዩባት አርባ ቀን ናት። አርባ ቀን የመንጻት ቀን መሆኑን የእኛም እናቶች ያውቃሉ።

አሁን ወደ እማማ አፉር እንመለስ። ኦሮምኛ አፉር ይላል፣ ሶማልኛ አፈር፤ የኩሽ ቤት ቃል ነው። ኩሽና ሴም ከጥንቱ ግብፅኛ፣ ከሐውሳና ከበርበር ጋር አንድ ትልቅ ቤተሰብ ናቸው፤ አፍሮ እስያዊ ይባላል። ታዲያ ታላቁ አያት አራትን ምን ይል ነበር? ግብፆች ፍ፣ ድ፣ ው ብለው ጽፈዋል፤ በምዕራብ አፍሪካ ሐውሳዎች ሁዱ ይላሉ፤ ሁለቱን ብዙ አጥኚዎች አንድ ያደርጓቸዋል። የሴም አርባዕ ግን ከእነዚህ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ አርባዕ የሴማውያን የራሳቸው ቃል ነው፤ ከትልቁ ቤት ከወጡ በኋላ ያበጁት። ልብ፣ ዐይን፣ ስም ከሚሉት ጋር ሲነጻጸር ወጣት ቃል ነው ማለት ነው፤ ወጣትነቱ ግን በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ነው።

ቃሉ አጣዬ ወዳለችበት ወደ ይፋት በየት በኩል መጣ የሚለው ክርክር አልተዘጋም። በ2009 እ.ኤ.አ. አንድሩ ኪችን፣ ክሪስቶፈር ኤረት፣ ሽፈራው አሰፋና ኮኒ መሊጋን የቃላት ዝርዝርን በስሌት መርምረው ሴማዊ ቋንቋ ከ5750 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ ሜድትራንያን ዳርቻ ተነሣ፣ ከ2800 ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ ብለዋል። በሌላ ወገን ግሮቨር ሃድሰንና ግርማ አውግቸው የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች በአገር ውስጥ ያላቸውን ልዩ ልዩነት አይተው ጥንታዊነታቸው ከዚያ የራቀ፣ መነሻውም ከዚህ ሊሆን እንደሚችል ተከራክረዋል። እኔን የሚያሳምነኝ በአንድ ነጥብ የኋለኞቹ ነው፤ አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ሐረሪ፣ ጋፋትኛና የጉራጌ ቋንቋዎች በአንዲት አገር ውስጥ ይህን ያህል ለመራራቅ ረጅም ዘመን ያስፈልጋቸዋል። መነሻውን ለመፍረድ ግን ይህ ብቻ አይበቃም።

በአንድ ገበያ አራትም አፉርም መሰማቱ ለይፋት ቆላ ሰው ተራ ነገር ነው። ኦሮምኛ ሮቢ የሚለውን ከዚህ ሳምንት ወስዷል፤ አማርኛም ከኩሽ ቋንቋዎች የወሰደው ስፍር ቁጥር የለውም፤ ውሻ የሚለው ቃል እንኳ የግዕዙን ከልብ አባርሮ የገባ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በእሳት ስትወድም እነዚህ ሁለት ቋንቋዎች ለዘመናት የተገበያዩበት ቦታ አብሮ ተቃጠለ። ስለዚያ ጥፋት በዚህ መጽሐፍ መዘርዘር ቦታው አይደለም። ማሾ በሁለት ቋንቋ ዳግም ሲመዘን መስማት ግን ለእኔ ከማንኛውም ጽላት የሚበልጥ ምስክር ነው።

ይፋት ሦስተኛ ቋንቋም አለው። በ1285 እ.ኤ.አ. የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከቆመበት ዘመን ጀምሮ ስሙ በታሪክ የሚጠራው ይህ ቆላና ገደሉ የአርጎባ አገር ነው። አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ እህት ናት፤ አማርኛ የጣለውን የጉሮሮ ድምፅ በብዙ ቃል ውስጥ ህ አድርጋ አቆይታለች። ብዙው አርጎባ ዛሬ አፉን የሚፈታው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ነው፤ ቋንቋው ጠንክሮ የሚሰማው እንደ ሾንኬ ባሉ በጥቂት የተራራ መንደሮች ነው። ዎልፍ ሌስላው፣ በ1906 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ2006 ያረፈው ታላቁ የቋንቋዎቻችን አጥኚ፣ ስለ አርጎብኛ ያጠናቀረውን በ1997 አሳትሟል። ያው ሰው በ1947 ጋፋትኛ የሚናገር ፍለጋ ጎጃም ላይ ብዙ ደክሞ ያገኘው አራት ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ጋፋትኛ የሚናገር የለም። ያ ቋንቋ አራትን እንዴት ይል እንደነበር የምናውቀው ከእነዚያ አራት ሰዎች አፍ ስለተጻፈና ከዚያ በፊት ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ስላስቀረልን ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በይፋት፣ በቃሉ ወረዳ ወይም በሐረር ዙሪያ አርጎብኛ የሚያውቁ አያት ካሉህ አጠገባቸው ተቀመጥና ስልክህን ክፈት። ከአንድ እስከ አሥር፣ ቀጥሎ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ እያሉ ይቁጠሩልህ። የሳምንቱን ቀናት ይጥሩልህ። ስማቸውን፣ መንደራቸውንና ቀኑን በፈቃዳቸው አስቀምጥ። ሥራው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ የሚጀመርበትም ቀን ከሮብ እስከ ሮብ የትኛውም ይሆናል።